የወፍ ጉንፋን ክትባት ተርኪውን ያድናል፤ ቫይረሱን ግን ማን ፈልጎ ያግኘው?

ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ሲገናኙ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ለወፍ ጉንፋን ክትባት አለ አይደል እንዴ? ታዲያ ፈረንጆቹ ይሄን ሁሉ ዶሮ ለምን ይፈጃሉ? እኛስ ለምን ከወዲሁ አናስመጣም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ በበሽታው የሞቱትና እንዳይዛመት ሲባል የተወገዱት ዶሮዎች፣ ተርኪዎች (ከዶሮ በጣም የሚገዝፉ የእርባታ ወፎች) እና ዳክዬዎች ከ160 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የኢትዮጵያ ዶሮ በሙሉ ቢቆጠር ይሄን አይሞላም።

መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። ክትባቱ ይሠራል። ወፏን ከሞት ያድናል፣ የምትረጨውን ቫይረስም በእጅጉ ይቀንሳል። ከተከተበው መንጋ ውስጥ ቫይረሱን በየጊዜው እየመረመረ የሚፈልግ ሰው ከሌለ ግን ክትባቱ በሽታውን ከማጥፋት ይልቅ ይደብቀዋል። ይሄ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ በሌሎች አገሮች የታየ ነገር ነው። ተርኪ ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጎልቶ ይታያል።

ተርኪ እኛ ጋ ብዙ አይታወቅም። በፈረንጆች የምስጋና ቀንና በገናቸው ሰሞን ካሳንቺስ አካባቢ ባሉ ትልልቅ ሆቴሎች ካልሆነ በቀር ማዕድ ላይ አናየውም። የወፍ ጉንፋንን ነገር ለመረዳት ግን ከተርኪ የተሻለ መነሻ የለም። ዶሮን ለመያዝ ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ቫይረስ ተርኪን ይይዛል። ለዶሮ ቀላል የሚባለው ዓይነት ቫይረስ እንኳ ተርኪን ክፉኛ ያማል። በ2022 የአሜሪካው ወረርሽኝ በእርባታ ደረጃ መጀመሪያ የተገኘው ኢንዲያና ውስጥ ዱቦይስ በሚባል ቦታ፣ የተርኪ እርባታ ላይ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2015 በመጣው ወረርሽኝም ወደ 50 ሚሊዮን ወፍ ሲያልቅ ከክፉኛ ተጎጂዎቹ አንዷ የተርኪ አገር የምትባለው የሚኒሶታ ግዛት ነበረች። እንግሊዝ ውስጥም በ2022 መጸው፣ ገና ሳይደርስ፣ ለበዓሉ ሜዳ ላይ ከሚረቡት ተርኪዎች ግማሽ ያህሉ አልቀዋል።

በሽታው እርባታ ቤት ሲገባ እንዴት እንደሚታወቅ የሚነገረውን ልብ በሉ፣ በኋላ ያስፈልገናል። በሺህ የሚቆጠሩ ተርኪዎች ያሉበት ቤት መቼም ጸጥ አይልም። አንድ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ድምፅ የለም። ውሃው እንደተቀዳ ነው፣ መኖው አልተነካም። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ያጣምማሉ፣ ቆመው ይንገዳገዳሉ። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ መርገፍ ይጀምራሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። አስከፊ ነው። ግን ይሄ ሞት ደወል ነው። ባለቤቱ ስልክ ያነሳል፣ ሐኪም ይመጣል፣ አካባቢው ይዘጋል።

አሁን ወደ ክትባቱ።

የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ላዩ ላይ ኤችና ኤን የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት። ኤች5ኤን1 ሲባል የምንሰማው ከዚህ ነው። ክትባቱ በዋናነት ወፏ ኤች የሚባለውን ፕሮቲን እንድታውቀው ያደርጋል። አንዳንዱ ክትባት የሞተ ቫይረስ ከዘይት ጋር ተደባልቆ በመርፌ የሚሰጥ ነው። ሌላው ጉዳት በሌለው ሌላ ቫይረስ ላይ የኤች5 ዘር ተለጥፎበት ገና በጫጩትነት ይሰጣል። በአርኤንኤ የተሠራም አለ። ሁሉም በትክክለኛው ጊዜ፣ በትክክለኛው መጠን፣ ከሚዞረው ቫይረስ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ከተሰጠ ወፏን ከሞት ያድናታል። በአፏና በኩሷ የምትለቀው ቫይረስም በብዙ እጥፍ ይቀንሳል።

ችግሩ ያለው «ከተሰጠ» የምትለዋ ላይ ነው። ጫጩት ከእናቷ የወረሰችው መከላከያ አለ፣ ክትባቱ ቶሎ ሲሰጥ ያ መከላከያ ያከሽፈዋል። ዘግይቶ ሲሰጥ ደግሞ መሃል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። የስጋ ዶሮ በስድስት ሰባት ሳምንት ታርዳ ታልቃለች። ወንዱ ተርኪ ግን አራት ወር ተኩልና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ለመራቢያ የሚያዙት ደግሞ ከዚህም በጣም ይረዝማሉ። ስለዚህ ተርኪ ላይ አንድ መርፌ ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ መድገም ያስፈልጋል። በአስር ሺህ የሚቆጠር፣ እያንዳንዱ ከአሥር ኪሎ በላይ የሚመዝን ወፍ አንድ በአንድ ይዞ መውጋት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መሃል ላይ የሚዘለል መኖሩ አይቀርም።

ኔዘርላንድስ ውስጥ የሆነው ይሄን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ2023 በቤተ ሙከራ ሁለት ክትባቶች የቫይረሱን መተላለፍ በዶሮዎች መካከል ማቆም እንደሚችሉ ታየ፣ ሁሉም ደስ አለው። በኋላ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች እውነተኛ እርባታ ውስጥ ለወራት ከኖሩ በኋላ ሲፈተሹ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የተከተቡት ጥበቃቸው ላልቶ ተገኘ። ክትባቱ ውሸት ስለሆነ አይደለም። ቤተ ሙከራና እርባታ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው።

እንግዲህ ጥበቃው ላልቷል እንበል። ቫይረሱ ይገባል። ወፎቹ አይሞቱም፣ ወይም ጥቂቶቹ ብቻ ይሞታሉ። ቤቱ ጸጥ አይልም። ውሃውም መኖውም ያልቃል። ያ ደወል ተቋርጧል። ቫይረሱ ከአንዷ ወደ አንዷ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ በጫማ፣ በእንቁላል ትሪ፣ በመኪና ጎማ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በዚህ መሃል ራሱን ይለውጣል፣ ክትባቱን የሚያመልጠው ዓይነት እየበዛ ይመጣል።

ግብፅ የደረሰባት ይሄ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 ገባ፣ ክትባት በብዛት ተጀመረ። ዓይነቱ ብዙ ነበር፣ ከፊሉ እዚያ ከሚዞረው ቫይረስ ጋር የተራራቀ ነበር፣ በየጓሮው ያለውን ዶሮ በሚገባ ማዳረስ አልተቻለም፣ ከክትባት በኋላ ያለው ምርመራም ደካማ ነበር። በ2008 በሽታው በአገሪቱ ሥር የሰደደ መሆኑ ታወጀ። ባለፉት ዓመታት ከ350 በላይ ግብፃውያን በኤች5ኤን1 ተይዘው ከመቶ በላይ ሞተዋል፣ አብዛኞቹ ከዶሮ ጋር በቅርብ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ካይሮ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለችም፣ የዶሮ አያያዛችንም ይመሳሰላል። ስለዚህ ከፈረንሳይ ይልቅ የግብፅ ታሪክ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

ግን ክትባት ሁሌም እንዲህ ያልቃል ማለት አይደለም። ጣልያን ከ1999 እስከ 2000 ድረስ በኤች7ኤን1 ተመትታ ከ13 ሚሊዮን በላይ ወፍ ያጣች አገር ናት፣ በብዛት የተጎዳው በሰሜን ያለው የተርኪ እርባታ ነበር። ቫይረሱ ቀለል ብሎ ተመልሶ ሲመጣ የጣልያን ሐኪሞች ብልህ ነገር አደረጉ። ክትባቱን ኤች7ኤን3 ከሚባል ቫይረስ ሠሩት። ኤች7 አንድ ስለሆነ ጥበቃው ይሠራል። ኤኑ ግን ይለያያል። ስለዚህ ከተከተበች ተርኪ ደም ወስደው ሲመረምሩ የኤን1 መከላከያ ካገኙባት «ይቺ ከክትባቱ ሌላ እውነተኛውን ቫይረስም አግኝታለች» ማለት ይችላሉ። የተከተበውን ከተያዘው መለየት ቻሉ ማለት ነው። ያልተከተቡ ጥቂት ወፎችንም ምልክት አድርገው መንጋው መሃል ይተዉ ነበር። ቫይረስ ካለ እነሱ ቀድመው ይታመማሉ።

ቻይናም አለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤች7ኤን9 ሰው መያዝ ጀመረ፣ ከ2016 እስከ 2017 ባለው ዙር ብቻ ከ700 በላይ ሰው ያዘ። በ2017 መስከረም ላይ ዶሮዎች በሙሉ ኤች5ንና ኤች7ን አንድ ላይ የያዘ ክትባት እንዲወጉ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት የተያዘው ሰው በጣት የሚቆጠር ሆነ። ዶሮ ተከትቦ ሰው ሲተርፍ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ፈረንሳይ ደግሞ ዳክዬ ላይ አሳየች። ከ2021 እስከ 2022 በነበረው ዙር ከ1,300 በላይ እርባታዎች ተመትተው ከ20 ሚሊዮን በላይ ወፍ አለቀ። በ2023 ጥቅምት ከ250 በላይ ዳክዬ ያለው ሁሉ እንዲከትብ ግዴታ ሆነ። ከክትባቱ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ዙር የተመቱት እርባታዎች አሥር ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ቀጥሎ ያለውን ማንበብ እወዳለሁ። መንግሥት ከወጪው 85 በመቶውን ሸፈነ። ሐኪም በየወሩ እየመጣ መንጋውን ያያል። የሞቱ ዳክዬዎች በየሳምንቱ ናሙና ተወስዶላቸው ይመረመራሉ። የፈረንሳይን ውጤት ያመጣው ክትባቱና ይሄ ምርመራ አንድ ላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ አሜሪካ ለጊዜው የፈረንሳይን የዶሮ ምርት አልቀበልም አለች፣ የተከተበ ወፍ ቫይረስ ደብቆ ሊመጣ ይችላል በሚል። አሜሪካ ራሷ ክትባት ለመጀመር የምታመነታውም በዚሁ የንግድ ጉዳይ ነው። የተርኪና የእንቁላል አርቢዎች ክትባቱን ይፈልጉታል፣ ስጋ ወደ ውጭ የሚልኩት የዶሮ ኩባንያዎች ግን ገበያችን ይዘጋል ብለው ይቃወማሉ።

እኛ እንደነሱ ዶሮ ወደ ውጭ አንልክም። ስለዚህ የንግዱ ጭንቀት ለእኛ ቀላል ነው። ከባዱ ሌላው ነው።

እስኪ ስለ ፈንግል እናውራ። የፈንግል ክትባት አገር ውስጥ ይመረታል፣ ቢሾፍቱ ያለው የብሔራዊ እንስሳት ክትባት ተቋም ዓመታት ሠርቶበታል፣ ዋጋውም የሚከብድ አይደለም። ዶሮ ግን ዛሬም በፈንግል ያልቃል። አራት ኪሎ ጀርባ ግቢያቸው ውስጥ መቶ የማይሞላ እንቁላል ጣይ የሚያረቡ እናት ሲከትቡ አይቻለሁ። ክትባቱን በፌስታል፣ በበረዶ ጠቅልለው አምጥተዋል፣ እስከዚህ በጣም ጥሩ ነው። ከዚያ ከቧንቧ ውሃ ቀድተው ክትባቱን በጠበጡበት፣ ዶሮዎቹ ፊት አስቀመጡት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክትባቱ ደግሞ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። ክሎሪኑ ይገድለዋል። መጀመሪያ የወተት ዱቄት ውሃው ውስጥ መጨመር ወይም ክሎሪን የሌለው ውሃ መጠቀም ነበረባቸው። ዶሮዎቹም ጠዋት ጠጥተው ጠግበው ነበር፣ ግማሾቹ ዞር ብለው አላዩትም። ውሃው ፀሐይ ላይ ቀረ። ከወር ምናምን በኋላ ዶሮዎቹ መሞት ሲጀምሩ «ልጄ፣ ከተከተቡ ለምን ሞቱ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የነገራቸው ሰው የለም።

ለፈንግል እንዲህ ከሆንን ለወፍ ጉንፋን ምን እንሆናለን? ለወፍ ጉንፋን የሚሰጠው አብዛኛው ክትባት አንድ በአንድ በመርፌ የሚሰጥ፣ የሚደገም፣ ከቫይረሱ ጋር እየታየ የሚቀየር ነው። ያ እንክብካቤ ሳይኖር ክትባቱን ብቻ በሻንጣ ማስገባት አደጋ ነው። ይሄን በግልጽ ልናገር፦ ያልተፈቀደ የወፍ ጉንፋን ክትባት ከውጭ አስመጥቶ ለዶሮ መስጠት ጎረቤትን ማስያዝ ነው። የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትግዙ።

በሽታው በኢትዮጵያ እስካሁን በይፋ አልተመዘገበም። ድንጋጤውን ግን እናውቀዋለን። በ1998 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ሲያዙ እኛም ጋ ጉብሬ ባለው የዶሮ ማባዣ ማዕከል ዶሮዎች ሞተው ነበር። ምርመራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አሳየ። ወሬው ግን ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሷል፣ ሰው ዶሮ መግዛት ተወ፣ ዋጋው ወረደ። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይም እርባታዎች ውስጥ ዶሮ በብዛት ሲሞት ግብርና ሚኒስቴር የዶሮና የዶሮ ውጤቶችን ዝውውር ለጊዜው አግዶ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ዋናው ጥያቄ ክትባት አልነበረም። ምንድን ነው የገደላቸው፣ በስንት ቀን እናውቃለን፣ የሚል ነበር።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሰፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሌማት ትሩፋት መጥቶ በየግቢው፣ በየኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ የዶሮ ቤት ተሠርቷል። ደስ ይለኛል፣ የእንቁላል ዋጋ ለሚያማርረው ከተሜ ትልቅ ነገር ነው። ግን ድሮ ገጠር ውስጥ ተበታትኖ የነበረው ዶሮ አሁን ሰው በተጨናነቀበት መሃል ከተማ ገብቷል። ጫጩቱና ቄቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከቢሾፍቱና ከአካባቢው ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ የሐይቆች ከተማ ናት፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱ የውሃ ወፎች ያርፉባታል። ቫይረሱን ረጅም መንገድ የሚያጓጉዙት የዱር ዳክዬዎችና መሰሎቻቸው ናቸው። የአገሪቱ ትልቁ የዶሮ ማዕከልና የፍልሰተኛ ወፎች ማረፊያ አንድ ከተማ ላይ መገናኘታቸው እንቅልፍ ሊነሳን ይገባል።

የበዓል ዋዜማ መርካቶ ዶሮ ተራን የረገጠ ያውቀዋል። ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከአርሲ የመጣው ዶሮ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ያልተሸጠው እዚያው ያድራል። ባዶው ቅርጫት ሳይታጠብ ኩሱን እንደያዘ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ገጠር ይመለሳል። ሆንግ ኮንግ የዶሮ ገበያዎቿን በወር አንድ ቀን ባዶ አድርጋ ማጠብ ጀመረች፣ በኋላም በሕይወት ያለ ዶሮ ገበያ ውስጥ እንዳያድር ከለከለች፣ ገበያው ውስጥ የሚገኘው ቫይረስ በግልጽ ቀነሰ። ይሄ ውሃ፣ ሳሙናና ደንብ እንጂ ዶላር አይጠይቅም። እኔ የአዲስ አበባ አስተዳደር ቦታ ላይ ብሆን ነገ የምጀምረው በዚህ ነበር፣ ለበሽታው ብቻ ሳይሆን ለፈንግሉም ስለሚጠቅም።

ከዚያ ቀጥሎ ካሳ። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ካሳ የሚከፍለው በሕይወት እያለች ለተወገደች ወፍ ነው፣ ቀድማ ለሞተችው አይከፍልም። ስለዚህ አርቢው ቶሎ ያሳውቃል። እኛ ጋ ተበድሮ ሁለት መቶ ቄብ የገዛ ወጣት ዶሮዎቹ ሲያንቀላፉ ቢያይ ምን ያደርጋል? ለወረዳ ቢናገር ሁሉንም ያጣል፣ ዕዳው ግን ይቆያል። ስለዚህ በሌሊት አውጥቶ ይሸጣቸዋል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ሌላ መንገድ ስላልተሰጠው ነው። ካሳ በሌለበት ደግሞ ክትባት ይህን ያባብሰዋል፣ የተከተበው መንጋ ውስጥ ጥቂት ብቻ ሲሞቱ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ምርመራውስ? ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በሽታን የሚለይ ላቦራቶሪ አለው። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ የመላው አፍሪካን የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚቆጣጠረው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከል ተቀምጧል። ባዶ እጃችንን አይደለንም። የሚጎድለው ከካሳንቺስ ጓሮ እስከ ሰበታ ያለው መንገድ ነው፦ ናሙናውን ማን ይወስዳል፣ በምን መኪና፣ ውጤቱ ለባለቤቱ መቼ ይነገረዋል።

ይሄ ከተሟላ ክትባትን እደግፋለሁ፣ አጥብቄ። ያኔ ግን ለሁሉም ዶሮ ሳይሆን መጀመሪያ ጫጩት ለሚያወጡት የእናት ዶሮዎችና ረጅም ጊዜ ለሚቆዩት እንቁላል ጣዮች ቢሆን እመርጣለሁ። እነሱ ብዙ ወራት ይኖራሉ፣ ቁጥራቸው ይታወቃል፣ አንድ በአንድ ይያዛሉ። የተያዘውን ከተከተበው የሚለይ ክትባት ይመረጥ፣ መንጋው መሃል ያልተከተቡ ምልክት ያላቸው ዶሮዎች ይቀመጡ። ይሄ ውሳኔ አሁን፣ በሰላሙ ጊዜ መወሰን አለበት። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ የሚገዛ ክትባት በውድ ዋጋ የሚገዛ፣ የተገኘው ዓይነት የሚወሰድበት ነው።

ስለ መብላቱ የሚጨነቅ ካለ፦ ቫይረሱ በ70 ዲግሪ ሙቀት ይሞታል፣ በደንብ የተቀቀለ እንቁላልና ሲንተከተክ የዋለ ዶሮ ወጥ አያስያዝም። አደጋው ከምጣዱ በፊት ነው። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በኤች5ኤን1 ከተያዙት ከ900 በላይ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል፣ አብዛኞቹ የታመመ ወይም የሞተ ወፍ የነኩ ናቸው። በእኛ ቤት ዶሮውን የሚያርደው አንዱ ነው፣ በፈላ ውሃ ነክረው የሚነጩትና የሚበልቱት ግን እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ያንቀላፋች፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ የጠቆረ፣ ፊቷ ያበጠ ዶሮ በርካሽ ተገኘች ብላችሁ ወደ ቤት አታምጡባቸው።

ግቢያችሁ ውስጥ በአንድ ሁለት ቀን ዶሮዎች ድንገት ከሞቱ ደግሞ በድኑን ወደ ቀበና ወንዝ አትወርውሩ፣ ለውሻም አትስጡ። እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ ሌላ ፌስታል ውስጥ አስገቡት፣ ቋጥሩት፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። የተረፉትን አትሽጡ፣ ግቢው በር ላይ ጫማ ቀይሩ። ከዚያ ለወረዳችሁ የእንስሳት ሐኪም ደውሉ፣ መቼ እንደሞቱ፣ ምን እንደተከተቡና በስንተኛ ቀናቸው እንደተከተቡ ንገሩት። የክትባቱን ብልቃጥ ካልጣላችሁት አብራችሁ አሳዩት፣ ላዩ ላይ ያለው ቁጥርና የማለቂያ ቀን ያስፈልገዋል።